ያረጁ ትናንሽ ጂፖች በገዋኔ በረሃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጋላፊ የሚወርደው ታላቁ የንግድ መንገድ የገዋኔን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ገዋኔ በአስመጪዎችና በላኪዎች ዘንድ የምትታወቀው የጅቡቲን ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪናዎች የሚያርፉባት፣ ሾፌሮችም ሻይ የሚጠጡባትና ጎማ የሚያስጠግኑባት ከተማ በመሆኗ ነው። ይሁን እንጂ የከተማዋ ነጋዴ ገበያ በአስፋልቱ ዳር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሻይ ቅጠሉን የሚገዛው፣ ፍየሉንና በጉንም የሚሸጠው አርብቶ አደር የሚገኘው አስፋልቱን ለቆ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ማዶ ነው። በዚያ መንገድ የቤት አውቶሞቢል አይሄድም፤ ከባድ መኪናም ቢሄድ ለጥቂት ጭነት የሚፈጀው ነዳጅ ትርፉን ይበላዋል። ከግመል ቀጥሎ በዚያ ስፍራ የሚያገለግለው፣ በአራቱም ጎማዎቹ የሚስብና በተለምዶ «ፎርዊል» የሚባለው ትንሽ መኪና ነው።

ስለ ትላልቆቹ ላንድ ክሩዘሮች ለመጻፍ አልተነሣሁም። እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የርዳታ ድርጅቶች ንብረት ስለ ሆኑ፣ የራሳቸው ጋራዥና የራሳቸው በጀት አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሠላሳና አርባ ዓመት ስለ ሞላቸው፣ ባለቤታቸው አንድ ባለ ሱቅ ወይም አንድ የከብት ነጋዴ ስለ ሆነና ሲሰበሩም ከገዛ ኪሱ ስለሚያሠራቸው ትናንሽ ጂፖች ነው።

ጉዳዩ ዛሬ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙ ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የመለዋወጫ ዋጋም እርሱን ተከትሎ ወጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ለከተማ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ከጥርጊያው መንገድ ማዶ ባትሪውን የሚሞላበት ስፍራ አያገኝም። እንግዲህ በገዋኔ አንዲት አሮጌ ጂፕ ብትሞት ሌላ አሮጌ ጂፕ ከባሕር ማዶ መጥታ አትተካትም ማለት ነው። በአገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው። ስለዚህ የነዚህን መኪናዎች ዕድሜ የሚያስረዝመውንና የሚያሳጥረውን ነገር ለይቶ ማወቅ የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ መለዋወጫ የሚያስመጣውና የሚሸጠው ነጋዴም ጉዳይ ሆኗል።

በቀላልነቷ የመጀመሪያውን ስፍራ የምትይዘው ሱዙኪ ናት። የጃፓኑ ሱዙኪ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው የሽመና መኪና በመሥራት ሲሆን፣ ትንሿን ጂፕ ያገኛት ሆፕ ከሚባል ሌላ አነስተኛ የጃፓን ፋብሪካ ፕላኗን በመግዛት ነው። በ1970 (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሩን ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዪቱ ኤልጄ 10 ሞተሯ 359 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ይህ መጠን በዛሬ ጊዜ የሞተር ብስክሌት ነው። በ1981 የወጣችው ኤስጄ 410 በ970 ሲሲ ሞተር 45 የፈረስ ጉልበት ያህል ስትሰጥ፣ በ1984 የተከተለቻት ኤስጄ 413 ወደ 1,324 ሲሲ ከፍ አለች፤ አምስተኛ ማርሽም ተጨመረላት። ይህችው ኤስጄ 413 በአንዳንድ አገር ሳሙራይ ተብላ ተሽጣለች። ክብደታቸው ከአንድ ሺሕ ኪሎ አይበልጥም። በበታቻቸው እንደ ከባድ መኪና ሻንሲ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ባሌስትራ ስላላቸው፣ ብየዳ የሚያውቅ የትንሽ ከተማ መካኒክ ግራ የሚጋባበት ነገር የለባቸውም ማለት ይቻላል። በ1988 የመጣችው ቪታራ 1.6 ሊትር ሞተርና በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ስላላት ለተሳፋሪ ትመቻለች። ነገር ግን የፊት እግሮቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለ ሆኑ፣ ከመሬት ከፍ ሊያደርጋት የሚሻ ሰው ብዙ ወጪ ይጠብቀዋል።

ትንሽ ናት ብሎ ሱዙኪን የሚንቅ ቢኖር፣ በ2007 ሁለት የቺሊ ሰዎች በተሻሻለች ሳሙራይ ኦሆስ ዴል ሳላዶ በተባለው ተራራ ላይ እስከ 6,688 ሜትር ከፍታ ወጥተው በዓለም መዝገብ መጻፋቸውን ማስታወስ ይበቃል። የራስ ዳሸናችን ከፍታ 4,500 ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

ላዳ ኒቫ በ1977 መሠራት የጀመረች የሶቪየት መኪና ስትሆን፣ ለኛ አገር ነጋዴ ያላት ትልቅ ጥቅም ሌላ ነው። 1,569 ሲሲ የሆነው ሞተሯ አዲስ አበባ በሰማያዊና በነጭ ቀለም ከምታውቃቸው የላዳ ታክሲዎች ሞተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለ ሆነ፣ ለታክሲው የመጣው ካንዴላ፣ የውኃ ፓምፕና ጓርኒሲዮን አብዛኛው ለርሷም ይሆናል። አራቱም ጎማዎቿ ዘወትር ስለሚስቡ ሾፌሩ በአስፋልትና በጥርጊያ መካከል ማርሽ መለዋወጥ አያሻውም። ጉድለቷ እንደ ሱዙኪ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የሌላት መሆኑ ነው፤ አካሏ ራሱ ተሸካሚ ስለ ሆነ ላሜራው ሲሰነጠቅ መኪናዪቱ በሙሉ ትዳከማለች። በሠራዊቱ ዘንድ የታወቀውን ዋዝንም መርሳት አይገባም። የጦር ሠራዊቱ ዓይነት ዋዝ 469 በጎማዎቹ ዘንድ ተጨማሪ ጥርስ ስላለው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ነገር ግን በ2.4 ሊትር ሞተሩ ቤንዚን እንደ ውኃ ስለሚጠጣና ትንሽም ስለማይባል፣ ወደ ዋናው ነገር እናልፋለን።

ማሻሻል ከተባለ የሚጀመረው ከጎማ ነው። በገዋኔ ዙሪያ የጎማ ዋና ጠላቱ እሾህ እንጂ ድንጋይ አይደለም። ሊቃውንት ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ አፋሮችም የደርግ ዛፍ ብለው የሚጠሩት፣ ከውጭ አገር መጥቶ በአሚባራና በገዋኔ ግጦሹንና የእርሻውን መሬት የወረረው ዛፍ እሾሁ ጠንካራ ስለ ሆነ የጎማን ጎን ሳይቀር ዘልቆ ይገባል። ጥርጊያውን መንገድ ዘግቶ ስለሚበቅልም፣ ሾፌሩና ረዳቱ ቅርንጫፉን ቈርጠው ካለፉ በኋላ የተቈረጠው እሾህ ደርቆ ለመልስ ጉዞ መሬት ላይ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ላይ ደግሞ ከወንዙ ዳር ያለው መሬት በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ ነገሮች እዚህ ላይ ይጣላሉ፤ አቧራው ጎማው ተንፍሶ እንዲሰፋ ይፈልጋል፤ እሾሁ ደግሞ ተነፍቶ እንዲጠነክር።

ቀላል ጂፕ በአስፋልት ላይ በጎሚስታው መለኪያ 25 ገደማ የምትሄድ ብትሆን፣ በላመ አቧራ ውስጥ ወደ 15 ዝቅ ሲደረግላት የምትሰጥምበትን ስፍራ ተንሳፍፋ ታልፋለች። ነገር ግን በ15 የተነፈሰ ጎማ ጎኑን ወደ ውጭ ስለሚያሳብጥ ለእሾህ ያጋልጠዋል፤ እንደዚያው ተንፍሶ ወደ አስፋልት የተመለሰ እንደ ሆነም በገዋኔ ሙቀት ውስጡ ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና አንድ እውነተኛ መለኪያ ነው። ዋጋቸው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው። ይህን ሳይገዛ በኮፈኑ ላይ መብራት የሚደረድር ሰው ገንዘቡን በጨለማ ይበትናል።

ስለ ጎማው ዓይነት ደግሞ፣ በእሾህ አገር ከሰፊና ከሚያምር ጎማ ይልቅ ጠባብና ወፍራም ጎማ ይመረጣል። በ16 ቸርኬ ላይ የሚገባው ባለ 6 ፕላይ 6.00-16 ጎማ ከነከመነዳሪው ለአሮጌዪቱ ሱዙኪ የተስማማ ነው። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው አዲሱ ጎማ በአዲስ አበባ መልካም ቢሆንም፣ በጎኑ እሾህ የገባበት እንደ ሆነ በበረሃ ማሸግ ያስቸግራል። ከመነዳሪ ግን በክሪክ፣ በሁለት ማንሻ ብረትና በማጣበቂያ በዛፍ ጥላ ሥር ይጠገናል። ባለ ሱቆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የ15 ቸርኬ ከመነዳሪ ለ16 ቸርኬ መሸጥ የለበትም። ተስቦ ይገባል፤ በሙቀቱ ጊዜ ግን በመታጠፊያው ይቀደዳል።

ከእሾህ ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው። ገዋኔ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህ ልዩነት ካርቡራተር ላለው አሮጌ ሞተር ቀላል ነገር አይደለም። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የአዲስ አበባ መካኒክ ቤንዚኑን ቀንሶ ያስተካክለዋል። ያው መኪና ሳይነካ ወደ ቆላ ሲወርድ ወፍራሙ አየር ይበዛበትና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ከልክ በላይ ይግላል፤ የሱዙኪ ቴስታታ አሉሚኒዮም ስለ ሆነ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በአገሩ ሙቀት ያሳብባል። ከአዲስ አበባ መኪና ገዝቶ ወደ ገዋኔ የሚወርድ ሰው ካርቡራተሩን በቆላ እንደገና ማስተካከሉን ከግዢው ውል እንደ አንዱ ክፍል አድርጎ ሊቈጥረው ይገባል።

ራዲያተሩንም ስንመለከት፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ራዲያተር ለማስገባት ይሯሯጣል እንጂ ያለውን አያጸዳም። በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አቧራና የሣር ፍሬ ከሞተሩ ወደ ፊት በአየር ቢነፋ፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ቅዝቃዜ ይገኛል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም በቆላ መካኒኮች ዘንድ የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። በላዳ ኒቫ ላይ ይህ ሥራ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ቴርሞስታቷ ውኃው ወደ ራዲያተሩ ወይም በአቋራጭ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ የሚመራ በመሆኑ፣ እርሱ በሌለ ጊዜ ውኃው ከፊሉ ሳይበርድ በአቋራጩ ይመለሳል። ቴርሞስታት የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ለገዢው ቢያስረዳ ዕቃውንም ይሸጣል፤ ሞተሩንም ያድናል።

አቧራውስ? አቧራ የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። የአየር ፊልትሮው በየጉዞው ካልተራገፈ ፒስቶኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በጎማው ውስጥ ያለው ኩሽኔታም ማሸጊያው ካረጀ ግራሶው ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ራሱ ሞረድ ይሆናል። አየር የሚስበውን ቱቦ እስከ ጣራው ከፍ ማድረግ ወንዝ ለመሻገር ብቻ የተፈጠረ የሚመስላቸው አሉ፤ በአፋር ግን ዋናው ጥቅሙ ጎማው የሚያነሣው አቧራ ከማይደርስበት ከፍታ ንጹሕ አየር ማግኘት ነው። በላሜራ ቱቦና በጎማ መያዣ በአገር ቤት ሊሠራ ይችላል፤ መጋጠሚያው ግን አየር የማያስገባ መሆን አለበት። ቀዳዳ ካለው ከነጭራሹ ባይሠራ ይሻላል።

አፋሮች ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያ የላመ አቧራ ዋልካ ይሆናል፤ ደረቅ የነበረው ፈለግም ይሞላል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አዋሽ ከልክ በላይ ሞልቶ በአፋር ክልል ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ማፈናቀሉ አይዘነጋም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከመኪናው ማሻሻያ ሁሉ የሚበልጠው መንገደኛው ከመንገደኛ ወሬ የሚለዋወጥበት የአፋሮች ዳጉ ነው። የትኛው ፈለግ ሞልቷል፣ የትኛው ዳር ተንዷል የሚለውን ቆሞ ሳይጠይቅ የሚነዳ ሾፌር የአገሩን ሰው ብቻ ሳይሆን ጭነቱንም ይንቃል። ውኃ ለመሻገር የግድ ከሆነ ደግሞ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይሳብ። ሲነዳ የቈየ ዲፈረንሻል የጋለ ስለ ሆነ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ተኰማትሮ በመተንፈሻው ውኃ ይስባል፤ ዘይቱም ወተት የመሰለ ሆኖ ጥርሶቹን ይጨርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ከማይሞላ ቱቦ አይበልጥም።

በማርሽ በኩል በሱዙኪ ላይ የሚደረግ አንድ ብልኅ ለውጥ አለ። በሱዙኪዎቹ ኤስጄ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ከዋናው ካምቢዮ ተለይቶ የተቀመጠ ስለ ሆነ ለብቻው ይፈታል። የአሮጌዪቱ ኤስጄ 410 ሳጥን በዝቅተኛው ማርሽ 2.5 እጥፍ ገደማ ሲያበዛ፣ የኤስጄ 413 ግን 2.27 ያህል ነው። ስለዚህ ከሞተች 410 ላይ የተነሣ ሳጥን በ413 ላይ ሲገባ፣ መኪናዪቱ ቀስ ብላ ኃይል ሳታጣ ትወጣለች፤ ፍሪሲዮኗም ይተርፋል። በአስፋልት ላይ ግን ሞተሩ ለተመሳሳይ ፍጥነት ከበፊቱ ይልቅ እንደሚጮህ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ በጥርጊያ ለሚሠራ ነጋዴ ጥቅሙ ያመዝናል፤ በየሳምንቱ ወደ አዋሽ ከተማ ለሚመላለስ ግን አልመክረውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ወጣት ባለ መኪናዎችን ላያስደስት ይችላል። ይኸውም መኪናን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግና ታላላቅ ጎማ ማስገባት ነው። በ27 ኢንች ጎማ የተሠራች ጂፕ 31 ኢንች ጎማ ቢገባላት፣ ማርሾቿ ሁሉ በመቶ 15 ያህል እንደ ከበዱ ይቈጠራል፤ 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ ላላት ሞተር ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ፍሬኑ ይደክማል፤ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግም ይቈረጣል። ከሁሉም የከፋው መገልበጥ ነው። ኤስጄ ሱዙኪ ቁመቷ ከወርዷ የሚበልጥ መኪና ናት። በ1988 በአሜሪካ ኮንሲዩመርስ ዩኒየን የተባለው የሸማቾች ድርጅት ሳሙራይ በቀላሉ ትገለበጣለች ብሎ ተቀባይነት እንደሌላት አስታወቀ፤ ሱዙኪም በ1996 ከሰሰ፤ ነገሩ በ2004 በስምምነት ተዘጋ። እውነቱ ከየትኛው ወገን ነበር የሚለውን ለነርሱ እንተወው። ፋብሪካው እንደ ሠራት በነበረችበት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ያከራከረች መኪና፣ ባሌስትራዋ በብረት ቁራጭ ከፍ ተደርጎ፣ በጣራዋ ላይ አራት የውኃ ጀሪካንና ሁለት ኩንታል ዱቄት ተጭኖ፣ በዚያም ላይ ሰው ተቀምጦ በገደል ዳር ስትሄድ ማየት ያስፈራል። ከባድ ጭነት ከታች፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይሁን፤ ጣራው ለቀላል ዕቃ ይተው። ባሌስትራው ለደከመ መኪና አንድ ቅጠል መጨመር በቂ ነው።

በሕግ በኩልም የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኖሩን ማስታወስ ያሻል። ሞተር የለወጠ ወይም የመኪናውን ቅርጽ የቀየረ ባለቤት ለውጡን በሊብሬው ላይ ሳያስመዘግብ ቢቀር፣ ቦሎ በሚወሰድበት ጊዜ ወይም መኪናው በሚሸጥበት ጊዜ ይቸገራል። አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ይነሣል። ከአስፋልት የራቀ ሁሉ ከሕግ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። በምሠራበት መደብር የመለዋወጫ ትእዛዝ የሚጻፍበትና የሚመጣበት ደብዳቤ በእጄ ያልፋልና፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበትን ስፍራ በየጊዜው እመለከታለሁ። ከየአውራጃው ከሚመጡት ትእዛዞች ብዙዎቹ «የሱዙኪ ዘንግ»፣ «የሱዙኪ ኩሽኔታ» ብለው ያበቃሉ። የ410 የኋላ ዘንግ ግን በጫፉ 22 ጥርስ ሲኖረው የ413 ባለ 26 ጥርስ ነው፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። ከአዲስ አበባ እስከ ገዋኔ ተጕዞ የማይገባ ዕቃ የተመለሰለት ነጋዴ የኪሳራውን መጠን ያውቀዋል። ነገር ግን ከርሱ የሚብሰው ኪሳራ ዕቃው የገባ መስሎ በሌላ ሰው እጅ ሲሰበር ነው። መጠኑ የተቀራረበ፣ ብረቱ የደከመ ኩሽኔታ በገበያ አለ፤ በከተማ መንገድ ወር ይቈያል። ከአስፋልቱ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቴርሞሜትሩ ከ40 በላይ ሲያሳይ፣ ስልክ በማይሠራበት ስፍራ የቆመች ጂፕ ግን የንግድ ጉዳይ መሆኗ ቀርቶ የሰው ሕይወት ጉዳይ ትሆናለች። ስለዚህ ትእዛዝ የሚቀበል ጸሐፊ ሁሉ የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞተሩን ቁጥርና ከተቻለም የአሮጌውን ዕቃ ፎቶግራፍ ሳይቀበል ደብዳቤውን ወደ ውጭ አገር መላክ የለበትም። ፎቶግራፉ ዛሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ የሚላክ ስለ ሆነ፣ ይህን መጠየቅ ደንበኛን ማስቸገር አይሆንም።

በገዋኔ፣ በአዋሽና በሰመራ ላለ ባለ መደብር መደርደሪያውን በምን ይሙላ የሚል ጥያቄ ቢቀርብልኝ፣ ከሚያብረቀርቀው ዕቃ አልጀምርም። ከመነዳሪና ማጣበቂያ፣ የአየርና የዘይት ፊልትሮ፣ የውኃ ቱቦና መያዣው፣ ቺንጋ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የጎማ ኩሽኔታ ከነማሸጊያው፣ የባሌስትራ ብሎን እነዚህ በየወሩ የሚፈለጉ ናቸው። በኤስጄ ሱዙኪ ከፊት ጎማው መካከል ያለው በእጅ የሚዞረው መቈለፊያም ሊዘነጋ አይገባም። እርሱ ሳይቈለፍ በውስጥ ያለውን የፎርዊል ማርሽ ብቻ ያስገባ ሾፌር የፊት ጎማዎቹ ሳይስቡለት በኋላ ጎማዎቹ ብቻ እየቈፈረ ይቀበራል፤ ከዚያም መቈለፊያው ተሰበረ ብሎ ሌላ ሊገዛ ይመጣል። ሻጩ ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቶ ቢያይለት መልካም ነው፤ ደንበኛው በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

የጎማና የላስቲክ ዕቃ በቆላ መደብር ሲቀመጥ ከፀሐይ መጋረድ፣ በቈርቈሮ ጣራ ሥርም ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው መውረድ አለበት። ከላይ ሙቀቱ ስለሚያይል፣ ሳይሸጥ ሁለት በጋ የቈየ ቺንጋ አዲስ መስሎ በመጀመሪያው ሳምንት ይበጠሳል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ሙታኑ ጂፖች ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚታወቀው ነጋዴ ያገለገለ ዕቃ ከሞተ መኪና አውጥቶ መሸጥን ከቀድሞ ጀምሮ ያውቅበታል። በክፍለ ሀገር ግን በየጋራዡ ግቢና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር የወደቁት ሱዙኪዎች፣ ኒቫዎችና ዋዞች በጨረታ ሲሸጡ ብዙውን ጊዜ የሚወስዳቸው ብረቱን በኪሎ ገዝቶ ለማቅለጫ የሚያቀርበው ነጋዴ ነው። በኪሎ ሲመዘን የአንዲት ኤስጄ 410 የማርሽ ሳጥን ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በገዋኔ ላለ ባለ ጂፕ ግን ዛሬ ከፋብሪካ ሊያዝዘው የማይችለው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ የጨረታ ማስታወቂያ በጋዜጣ ሲወጣ፣ መለዋወጫ የሚነግዱ አባሎቻችን ከብረት ገዢው ቀድመው አንድ መካኒክ ይዘው ቢሄዱ፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ የማካፈያ ሳጥኑንና ዘንጎቹን ለይተው ቢያስቀሩ፣ የቀረውን ላሜራ ለብረት ገዢው በዚያው ዕለት መልሰው ሊሸጡለት ይችላሉ።